ባለቤት ያለው ሞገድ

በዚያ ሆስፒታል የልብ ክፍል ውስጥ የአንዲት ሴት ልብ በነርሶች ሁሉ ዘንድ የታወቀ ነበር። ደግነቷን ማለት አይደለም፤ አፏ ምላጭ ስለነበር ደግነቷ እንኳ ያከራክራል። የታወቀው ልቧ ራሱ ነው። በስክሪኑ ላይ ሲያልፍ የሚሠራውን ቅርጽ፣ ደረጃ ስትወጣ በስንት እንደሚጨምር፣ ስትናደድ እስከ ስንት እንደሚዘል፣ አዲስ የተቀጠረች ነርስ ሳትቀር በሳምንት ጊዜ ውስጥ ለይታ ታውቀዋለች።

ሴትየዋ የሕክምና መሣሪያ ጠጋኝ ናት። ነርሶቹ «አንቴና» የሚል ስም አውጥተውላታል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእሷ ጆሮ ግን ባዳ አልነበረም፤ ስሙ በወጣላት በሁለተኛው ቀን ሰማችው። ጥቂት አሰበችና ከዚህም የባሰ ሊያወጡልኝ ይችሉ ነበር ብላ ተቀበለችው። ከዚያ ወዲህ ወጣቶቹ «እትዬ አንቴና» እያሉ ፊት ለፊት ይጠሯታል።

በየቀኑ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ የሌሊት ተረኞቹ ለቀን ተረኞቹ ሥራ ሳያስረክቡ በፊት፣ አንድ ሳሙና የምታክል ሳጥን ከአንገቷ ታንጠለጥላለች። ከሳጥኗ የሚወጡትን አምስት ሽቦዎች ደረቷ ላይ ትለጥፋለች። ሳጥኗ የልብን ምት በሬዲዮ ሞገድ ወደ ጣሪያው አንቴናዎች ትልካለች፤ ከዚያ ነርሶቹ ጠረጴዛ ላይ ካለው ስክሪን ይደርሳል። በልብ ክፍሉ ያለ በሽተኛ ሁሉ እንዲህ ያለች ሳጥን አለችው። የእሷ ቁጥር አሥራ ሁለት ናት። አስራና ለጥፋ ስልኳን ጆሮዋ ላይ ታደርግና መራመድ ትጀምራለች። በኮሪደሩ ጫፍ እስከ ጫፍ፣ መታጠቢያ ቤቶቹን አንድ በአንድ፣ ደረጃውን ወርዳ፣ ትንሿን የአትክልት ቦታ ዞራ፣ ተመልሳ ትወጣለች። ዋናዋ ነርስ ከስክሪኑ ፊት ተቀምጣ በስልክ ትከተላታለች።

«አለሁ?» ትላለች አንቴና።

«አለሽ።»

«አሁንስ?»

«አለሽ፣ አለሽ። ደረጃው ላይ ነሽ መሰለኝ፣ ዘጠና ስምንት ገባሽ። ክብደት ቀንሺ ብዬሽ ነበር።»

መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ የምትደርሰው አንሶላና ጋውን ከሚቀመጥበት ክፍል ነው፤ ከኮሪደሩ ማዕዘን ዞር ብሎ ያለ ጠባብ ክፍል። እዚያ ስትደርስ በሩን ከኋላዋ ትዘጋለች። ከሌላው ቦታ ሁሉ አብልጣ ትቆያለች፤ ሁለት ጊዜም ሦስት ጊዜም ትጠይቃለች። ዋናዋ ነርስ ምክንያቱን አትጠይቅም። «አለሽ» ትላለች እንጂ።

አባቷ የሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። ከሱቁ ጥግ ተቀምጣ የሬዲዮን ሆድ ዕቃ እያየች ነው ያደገችው። አባቷ ሁለት ጣቢያ ተደራርቦ ሲጮህ ሲሰማ፣ «አየር ባዶ ይመስላቸዋል፤ አየር እኮ ጠባብ ግቢ ነው፣ አጥር ካልኖረው ሁሉም ገብቶ ይጮህበታል» ይል ነበር። ሃያ ስድስት ዓመቷ ላይ ሆስፒታሉ ቀጠራት፤ በጥገና ክፍሉ የመጀመሪያዋ ሴት ነበረችና ወንዶቹ እስክሪብቶና ደብተር ሰጥተው «አንቺ ቁጥር ጻፊ» አሏት። ጻፈች። እየጻፈች ግን እነሱ «አይሠራም» ብለው መጋዘን የወረወሩትን ሁሉ እየፈታች ሠራችው። በዓመቱ ደብተሩን ለሌላ ሰው ሰጠች።

ገመድ አልባዎቹ ሳጥኖች የመጡት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ሐኪሞቹ ደስ አላቸው። ልቡ የተቀደደና የተሰፋ ሰው ተነስቶ መራመድ አለበት፤ ከአልጋው ጋር በሽቦ ከታሰረ ሳንባው ውሃ ይይዛል፣ እግሩ ደም ያረጋል። ሳጥኗን ካንጠለጠለ ግን እየተራመደም ይጠበቃል። ችግሩ ጩኸቷ ነበር። ባትሪ ሲደክም ትጮሃለች፤ ፕላስተሩ ሲላቀቅ ትጮሃለች፤ በሽተኛው ራቅ ሲል ስክሪኑ «ሲግናል የለም» ብሎ ይጮሃል። በቀን መቶ ጊዜ፣ ሁለት መቶ ጊዜ። ነርሶቹ ጭንቅላታቸውን ያዙ። አንቴና ያን ጊዜ አዘነችላቸውና አንድ ነገር አስተማረቻቸው። ከስክሪኑ ሥር ያለውን ቢጫ ቁልፍ አሳየቻቸው። «ይህን ተጫኑት፣ ዝም ይላል» አለች። እንዳይረሱትም በትንሽ ወረቀት ላይ ቀስት ስላ፣ «ዝም ለማሰኘት» ብላ በራሷ እጅ ጽፋ ከቁልፉ አጠገብ ለጠፈችላቸው። ሁሉም መረቋት።

በዚያው ሰሞን አንዲት ልብስ ሰፊ ተኝታ ነበር። የልብ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት እየዳነች ነው። ሥራ ፈታ መቀመጥ የማትችል ሴት ነበረች፤ የነርሶቹን ጋውን እየለመነች የተበጠሰ ቁልፋቸውን ትተክል ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቁልፍ የጎደለው ጋውን ልትፈልግ ወደዚያ ጠባብ ክፍል ገባች። ከማዕዘኑ ወዲያ ሞገዱ አይደርስም፤ ይህን ማንም አያውቅም፤ ማንም ለክቶት አያውቅምና። ስክሪኑ «ሲግናል የለም» ብሎ ጮኸ። ተረኛዋ ነርስ እንደተማረችው ቢጫውን ቁልፍ ተጫነች። ዝም አለ። ልብስ ሰፊዋን ያገኟት ከአሥራ አንድ ደቂቃ በኋላ ነው። መርፌው በእጇ ነበር።

ማንም አንቴናን አልወቀሳትም። የተጻፈው ሪፖርት «ድንገተኛ ሞት» ይላል። እሷ ግን ያን ዕለት ወረቀቷን ከቁልፉ አጠገብ ልጣ መሳቢያዋ ውስጥ ከተተች፤ ለባሏ እንኳ አልነገረችም። በሳምንቱ በዚያ ክፍል ጣሪያ ላይ አንቴና ሰቀለች። የጠዋቱ ጉዞም ያን ጊዜ ተጀመረ። ከዚያ ደግሞ የሞገድ ተቆጣጣሪውን መሥሪያ ቤት ደንብ ከዳር እስከ ዳር አነበበችና አንድ ነገር ደረሰችበት። የሆስፒታሉ ሞገድ በመዝገብ ካልሰፈረ፣ ነገ ሌላ ሰው በዚያው ሞገድ ማሰራጫ ቢተክል ተዉ የሚለው የለም። ቅጹን ሞላች። ሦስት ጊዜ መለሱባት፤ አራት ጊዜ ወሰደችው። በመጨረሻ ሰርተፊኬት ሰጧት፤ ከሥሩ «ተጠሪ» በሚለው መስመር ላይ የእሷ ፊርማ አለ። በመስታወት አስገብታ ከመፍቻዎቿ በላይ ሰቀለችው። ባሏ በሠርጋችን ፎቶ ላይ እንዲህ አልተጨነቅሽም ብሎ ይቀልድባት ነበር።

እንግዲህ ጡረታዋ አራት ወር ሲቀረው ነው ነገር የመጣው።

ከሆስፒታሉ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ባለ አሥራ አራት ፎቅ ሕንጻ አለ። አንድ አዲስ የቴሌቪዥን ጣቢያ ጣሪያው ላይ ምሰሶ ተከለ። አንቴና ምሰሶው ሲቆም በመስኮት አይታው ነበር፤ ዓይኗን አልነቀለችም። በሳምንቱ፣ የጠዋት ጉዞዋን ሳትጨርስ፣ የሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ በኮሪደሩ ላይ አገኘቻትና «አሁኑኑ ይፈልጉሻል» አለቻት። ሳጥኗን ሳትፈታ በዚያው ኮሪደር ጫፍ ወዳለው ቢሮው ሄደች።

ሥራ አስኪያጁ ከመጣ ዓመት ያልሞላው፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ ሰው የማያመናጭቅ ሰው ነው። ከወንበሩ ብድግ ብሎ ተቀበላት።

«ይቀመጡ፣ እናቴ።»

«ነገር ሊጠይቁኝ ሲሉ ነው እናት የምሆነው» አለች፤ ግን ተቀመጠች።

ሳቅ ብሎ አንድ ወረቀት ወደ እሷ ገፋ አደረገ። ሆስፒታሉ ከዚህ በታች በተጠቀሰው ሞገድ እንደማይገለገል፣ ጣቢያው ቢጠቀምበትም ተቃውሞ እንደሌለው አረጋግጣለሁ ይላል። ከሥሩ የእሷ ሙሉ ስም ተጽፎ የፊርማው ቦታ ክፍት ነው። ደንቡ በመዝገብ የሰፈረው ተጠሪ ካልፈረመ አይሆንም ስለሚል እንጂ እሷን የሚጠራት እንዳልነበር ገባት።

«ማን ነው የማይገለገለው?» አለች።

«እንዲያው ለወረቀቱ ያህል ነው። የጣቢያው ባለቤት ለሆስፒታሉ አዲስ አምቡላንስ ሊሰጡ ቃል ገብተዋል። ያለችን አንዲት አምቡላንስ በወር ሁለት ሳምንት ጋራዥ እንደምትተኛ ያውቃሉ።»

«አውቃለሁ። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የሚባለውንም አውቃለሁ።»

«ምኑ ነው ገደሉ?» አለ ሰውየው፣ አሁንም በትዕግሥት። «ላም አለኝ በሰማይ ሆነብን እኮ። የማይታይ፣ የማይጨበጥ ሞገድ ይዘን ዓይናችን እያየ አምቡላንስ እንመልስ? ደግሞ ቢበላሽስ፣ በአልጋው አጠገብ ባለ ሽቦ ሞኒተር አለ አይደል?»

«አለ። ሰውን ከአልጋ ጋር ያስራል። ዘጠኝ ቁጥር የተኛውን የአውቶቡስ ሾፌር ያውቁታል? አሁን በርዎ ላይ ሲያልፍ ኮቴው ይሰማኛል። ሐኪሙ ተራመድ ይለዋል፣ እርስዎ ታሰር ይሉታል። የማንን ይስማ?»

ሥራ አስኪያጁ ብዕሩን አነሳና አስቀመጠው። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ጡረታዎ አራት ወር ቀርቶታል። ሠላሳ ምናምን ዓመት አገልግለዋል። በሰላም ቢወጡ ደስ ይለኛል።»

«በሰላም ነው የምወጣው። ሳልፈርም።»

ይህን ጊዜ ጠረጴዛው ላይ ያለው ስልክ ጮኸ። ሥራ አስኪያጁ አነሳው። የዋናዋ ነርስ ድምፅ ከጆሮው አልፎ ክፍሉን ሞላው፤ «አንቴና እርስዎ ዘንድ ናት? ልቧ መቶ ሠላሳ ሁለት ገብቷል። ወይ ውሃ ይስጧት ወይ ይላኩልኝ» ትላለች።

ሰውየው ስልኩን ይዞ ከአንገቷ ሥር የሚወጡትን ሽቦዎች ገና አሁን ያየ ይመስል ዓይኑን ተከለባቸው። አንቴና ሳጥኗን በሁለት ጣቷ አንስታ አሳየችው።

«‹አንገለገልም› ብለሽ ፈርሚ የሚሉኝ ይህን ነው» አለች። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም። ጣቢያው ንቆናል፤ ይሁን፣ ጎረቤት ነው። እርስዎ ግን ከውስጥ ሆነው በሩን ሊከፍቱላቸው ነው።»

ብላ ወጣች። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ተወችው።

ወሬው ከእሷ ቀድሞ ሆስፒታሉን ዞረው። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ሦስት ሰዎች መጥተው መከሯት፤ ሁለቱ ለእሷ አዝነው፣ አንዱ ለአምቡላንሱ። አምቡላንስ ነጂው ራሱ ሰላምታ ነፈጋት። ይኼ አመማት፤ ሰውየው ክፉ አይደለም፣ በእርጅና የምትንኳኳውን መኪናውን እየገፋ የሚያድር ሰው ነው። ቢሆንም አልተመለሰችም።

ማታ ራት ላይ ለባሏ ነገረችው። ባሏ ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር ነው፤ ጠብ አይወድም፣ ድምፅ ከፍ ሲል መነጽሩን መወልወል ይጀምራል። አሁንም አወለቀው።

«እኔ ምን እላለሁ» አለ፣ መስታወቱን በሸሚዙ ጫፍ እያሸ። «አራት ወር ምን አላት? ዝም ብለሽ እለፊው። ዝም አይነቅዝም።»

ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ነቅዟል» አለች። «እኔ ራሴ ዝም አሰኝቼ አውቃለሁ፣ ነቅዟል።»

ተነስታ ቦርሳዋን አመጣች። ያን ዕለት ከሥራ ስትወጣ የመሳቢያዋን ወረቀት ይዛ ነበር የወጣችው። ቀስቱ ገርጥቷል፣ ጽሕፈቱ ግን ይነበባል። ከሳህኑ አጠገብ አኖረችውና ስለ ልብስ ሰፊዋ ነገረችው። ስለ ቁልፉ፣ ስለ ጠባቡ ክፍል፣ ስለ አሥራ አንዱ ደቂቃ፣ ሁሉንም። ይህን ሁሉ ዓመት አብሯት ሲኖር የጠዋቱን ጉዞ የሥራ ፍቅር ነው ብሎ ሲያሞግሳት ኖሯል። ያኔ ዝም ብላ ሙገሳውን መቀበሏ አሁን አሳፈራት፤ ይህንንም ነገረችው።

ባሏ መነጽሩን አጠለቀ። ወረቀቱን አንስቶ አነበበው፤ እንደ ፈተና ወረቀት ሁለት ጊዜ።

«ታዲያ እንዴት ትፈርሚያለሽ?» አለ። «አትፈርሚም እንጂ።»

በማግስቱ ለሞገድ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ጻፈች፤ ግልባጩን ለሥራ አስኪያጁ አደረገች። ፊርማ ከተፈለገ መጀመሪያ ሙከራ ይደረግ፣ ጣቢያው ማሰራጫውን ያብራና በዓይናችን እንይ የሚል ነው። መሥሪያ ቤቱ ተስማማ። ሥራ አስኪያጁም ተስማማ፤ ጣቢያው ምንም አይደርስባችሁም ብሎ አረጋግጦለት ስለነበር እንዲያውም ደስ አለው። «ምንም ካልተፈጠረ ይፈርማሉ?» አላት። «ምንም ካልተፈጠረ በሁለት እጄ እፈርማለሁ» አለች። ከዚያ የራሷን ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠች። በሙከራው ሰዓት በሽተኞቹ ሁሉ ባለ ሽቦው ሞኒተር ላይ ይሁኑ፣ በየክፍሉም ነርስ ትቁም። የጣቢያው ሰው እዚሁ ከእኛ ጋር ይሁን። ሳጥን የሚታሰረው ለሁለት ሰው ብቻ ነው፤ አንዱን እኔ፣ ሌላውን እርስዎ።

«እኔ?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ምንም አይፈጠርም ብለዋል አይደል?»

በቀጠሮው ቀን፣ አራት ሰዓት ሊሆን ሩብ ሲቀረው፣ ሥራ አስኪያጁ የሸሚዙን ቁልፎች ፈትቶ ከነርሶቹ ጠረጴዛ ኋላ ቆመ። ደረቱ ጠጉር በጠጉር ስለነበር ፕላስተሩ አልይዝ አለ። ዋናዋ ነርስ «ይቅርታ ያድርጉልኝ» ብላ በአምስት ቦታ ላጨችው። ከበሩ ኋላ የነበሩት ነርሶች አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ። የሰውየውን ልብ አሥራ ሦስት ቁጥር ላይ አወጡት፤ ሰማንያ አራት፣ ደህና ልብ ነው። ከላዩ አሥራ ሁለት ቁጥር፣ የአንቴና።

የጣቢያው ሰው አርባ ዓመት የሚሆነው ቀጭን መሐንዲስ ነው፤ ስልኩን እንደያዘ ከጥግ ተቀመጠ። የተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት መዝጋቢ ደብተሩን ዘርግቶ ከአጠገቡ። ልክ አራት ሰዓት ላይ መሐንዲሱ «አብራ» አለ በስልኩ።

ሁሉም ስክሪኑን አየ። አሥራ ሁለትም አሥራ ሦስትም ቁልጭ ብለው ያልፋሉ። አንድ ደቂቃ ሆነ፣ ሁለት፣ አምስት ሆነ። መዝጋቢው የሆነ ነገር ጻፈ። ሥራ አስኪያጁ ፈገግ አለና ሸሚዙን መቆለፍ ጀመረ፤ በፈገግታው ክፋት አልነበረበትም፣ እፎይታ እንጂ። የእሱ መስመር ወደ ሰባ ስምንት ወረደ። የአንቴና አንድ መቶ አሥራ ስምንት ገባ።

ተሳስቼ ይሆን እንዴ አለች በልቧ። ይህን ሁሉ ሰው ያሰለፍኩት በከንቱ ይሆን? ከኪሷ የሞገድ መለኪያዋን አወጣች፤ ከአባቷ ሱቅ ጊዜ ጀምሮ እንዲህ ያለ ነገር ከኪሷ ተለይቶ አያውቅም። ቁጥሩን አየች። ወደ መስኮቱ ሄዳ ደግማ አየች። ከዚያ ምሰሶውን ቀና ብላ ተመለከተችና ወደ መሐንዲሱ ዞረች።

«ወንድሜ፣ በስንት ነው የለቀቃችሁት?»

«መደበኛ ሙከራ ነው» አለ መሐንዲሱ።

«የዚያን ምሰሶ ቁመት አያለሁ። ይህ ቁጥር የእሱ አይደለም። ከከተማው ዳር ላለ ቤት ቴሌቪዥን ሊደርስ የታሰበው በዚህ ነው?»

መሐንዲሱ ጫማውን አየ።

«አንተም እንደ እኔ ጠጋኝ ነህ» አለችው። «እነሱ ወረቀት ነው የሚያነቡት። እኔና አንተ ግን ቁጥር እናነባለን።»

መሐንዲሱ ቀና አለ።

«በሩብ ኃይል ነው» አለ። «ለሙከራው በሩብ ልቀቁ ተብለን ነው።»

«የሰው ልብ በሩብ አይመታም» አለች።

ሥራ አስኪያጁ መቆለፉን አቆመ። መሐንዲሱ ስልኩን አንስቶ «ሙሉውን ልቀቅ» አለ። ከወዲያ የሚጮህ ድምፅ ተሰማ። «አውቃለሁ። በእኔ ኃላፊነት ነው። ልቀቅ» አለና ስልኩን ጭኑ ላይ አኖረው።

ወዲያው ሁለቱ መስመሮች ዶሮ የጫረችው አፈር መሰሉ። ከዚያ ጠፉ። አሥራ ሁለት ላይም አሥራ ሦስት ላይም «ሲግናል የለም» የሚል ጽሑፍ ወጣ፤ ጩኸቱም ተነሳ።

ከጠረጴዛው አጠገብ የቆመችው ነርስ እጇን እንደ ልማዷ ወደ ቢጫው ቁልፍ ሰደደች።

«አትንኪው» አለች አንቴና። «ይጩህ።»

የነርሷ እጅ አየር ላይ ቀረ።

«ገባን፣ ገባን» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ ጆሮውን በአንድ እጁ ይዞ። «አይተናል። አሁን ዝም አሰኙት።»

«አሥራ አንድ ደቂቃ ይጮሃል።»

«ለምን አሥራ አንድ?»

አንቴና ወረቀቷን ከኪሷ አውጥታ ከቢጫው ቁልፍ አጠገብ፣ በድሮ ቦታው፣ አስቀመጠችው። ጩኸቱን ለማለፍ ድምጿን ከፍ አድርጋ ነገረቻቸው። ልብስ ሰፊዋ ማን እንደነበረች፤ የማንን ጋውን ቁልፍ ትተክል እንደነበር፤ ማን ዝም ማሰኘትን እንዳስተማረ። «ይህ የእኔ እጅ ጽሑፍ ነው» አለች። «ያቺ ነርስ አልገደለቻትም። እኔ ያልኳትን ነው ያደረገችው። በዚያ ቀን ስክሪኑ የጮኸው እንዲህ ነበር፤ ያኔ ያልሰማነውን ዛሬ እንስማው።»

ዋናዋ ነርስ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ያን ዕለት ቁልፉን የተጫነችው ተረኛ እሷ ነበረች። ያንን ያህል ዓመት በየጠዋቱ «አለሽ» ስትል ከአንቴና ጋር ስለዚህ ነገር አንድ ቀን ተነጋግረው አያውቁም። አንቴና ሄዳ እጇን ያዘችና ከስክሪኑ ፊት አብረው ቆሙ።

ጩኸቱ ቀጠለ። በአራተኛው ደቂቃ ሥራ አስኪያጁ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ዘጠኝ ቁጥሩ ሾፌር ከክፍሉ «ምንድን ነው? ማን ነው የጠፋው?» እያለ ተጣራ፤ አጠገቡ ያለችው ነርስ ማንም አልጠፋም አለችው። በሰባተኛው ደቂቃ ሥራ አስኪያጁ የቀኝ እጁን ጣቶች በግራ እጁ አንጓ ላይ አድርጎ የራሱን ልብ ይፈልግ ጀመር። በአሥራ አንደኛው አንቴና ለመሐንዲሱ ራሷን ነቀነቀችለት፤ እሱም «አጥፋ» አለ። መጀመሪያ አሥራ ሦስት ቁጥር ተመለሰ፣ መቶ አራት። ቀጥሎ አሥራ ሁለት። ጩኸቱ በራሱ ጊዜ ቆመ።

«ወረቀቱን ስጡኝ» አለች።

መዝጋቢው ሰጣት። የተጻፈውን ሁሉ ከዳር እስከ ዳር በአንድ መስመር ሰረዘች። ከሥሩ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ይህ ሞገድ ባለቤት አለው። ባለቤቶቹ በዚህ ፎቅ የተኙት ናቸው። እነሱን ወክዬ ፈርሜያለሁ።» ፈረመችም።

ጣቢያው ሌላ ሞገድ ተሰጠው፤ ከዚያ ወዲህ ማንንም ሳያስቸግር ያሰራጫል። መሐንዲሱ ከሥራው ተባረረ ተብሎ ተወራ፤ ኋላ ግን ራሱ ስልክ ደውሎ አልተባረርኩም፣ ወደ ሌላ ምሰሶ ነው የላኩኝ አላት። አምቡላንሱ አልመጣም። ነጂው እስከ መጨረሻው ሰላምታዋን በጎን ነበር የሚመልሰው፤ እሷም አልፈረደችበትም። ሥራ አስኪያጁ የበላይን ትዕዛዝ ባለመቀበል የሚል ማስጠንቀቂያ በፋይሏ ውስጥ አስገባ። ግልባጩ ይሰጠኝ አለች። ሲሰጣት በመስታወት አስገብታ ከሰርተፊኬቱ ጎን ሰቀለችው። የሚጠይቃት ሰው ሲኖር ሁለቱም የሥራ ምስክር ወረቀቶቼ ናቸው ትላለች።

ጡረታ ልትወጣ አንድ ሳምንት ሲቀራት በመዝገቡ ላይ አዲስ ተጠሪ መሰየም ነበረበት። ሥራ አስኪያጁ ማንን እንደምታጭ ጠየቃት፤ በቃል ሳይሆን በደብዳቤ። «ዋናዋን ነርስ» ብላ መለሰች።

በመጨረሻው ቀን፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ ሳጥን ቁጥር አሥራ ሁለትን ከአንገቷ ሳታንጠለጥል ቀረች። የዋናዋን ነርስ አንገት ዝቅ አድርጋ እሷ ላይ አጠለቀችላት፤ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ለጠፈች። ከዚያ በሠላሳ ሦስት የሥራ ዓመቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ከስክሪኑ ፊት ቁጭ አለች። ዋናዋ ነርስ በኮሪደሩ ሄደች፣ ደረጃውን ወረደች፣ የአትክልት ቦታውን ዞረች፣ ተመለሰች። አንቴና ዓይኗን ከመስመሩ ላይ አልነቀለችም። «ክብደት ቀንሺ» የምትላት ነርስ የራሷ ልብ ደረጃው ላይ መቶ ሦስት እንደገባ አይታ ለብቻዋ ሳቀች።

በመጨረሻ በስልኩ ውስጥ የበር መዘጋት ተሰማ። ከዚያ ምንም። ዋናዋ ነርስ በጠባቡ ክፍል ውስጥ፣ በአንሶላዎቹና በጋውኖቹ መካከል ቆማ ቆየች።

«አለሁ?» አለች በመጨረሻ፤ ድምጿ ሰለል ብሎ።

«አለሽ» አለች አንቴና። «አለሽ፣ እህቴ። ደግመሽ ጠይቂኝ።»